«የሸረሪት ዓይን ለደሴ ምኗ ነው?» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከስልክ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ዕድሜውን ለሸረሪት ዓይን የገበረ ሰው» ይላል። ጸሐፊው ለዛ አላቸው፤ ወሎዬነታቸው ከመስመሩ ያስታውቃል። እኔም እያነበብኩ ስቄያለሁ። ችግሩ ለዛው ብዙ ስሕተት ተሸክሞ ማለፉ ነው። ባዮሎጂ አስተምሬ ለምበላ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ላላነበባችሁት ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው። ማይክል ላንድ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነበር። ሸረሪትና ነፍሳት እንዴት እንደሚያዩ ሲመረምር ኖሮ በ2020 አረፈ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጸሐፊው በዚህ ሰው ይገረማሉ። ሸረሪት ስምንት ዓይን ስላላት ሁሉን ታያለች፣ ዝንብም አንዱን ሰው ሺህ አድርጋ ታየዋለች፣ ይኸን ለማወቅ ዕድሜ መፍጀት አያስፈልግም ይላሉ። የሸረሪት ጥበብ ድሯ ላይ እንጂ ዓይኗ ላይ አይደለም ይላሉ። አንጎሏ ከጤፍ ፍሬ ስለማይበልጥ የሚጠና ነገር የለውም ይላሉ። በመጨረሻም አንበጣ ሰብሉን ለጨረሰበት፣ ወባ ለሚያንቀጠቅጠው ወሎ ይኸ ምን ይረባል፣ ላቦራቶሪ ለሌላቸው ልጆቻችንስ ቅንጦት አይደለም ወይ ብለው ይዘጋሉ።

እንግዲህ በየተራ ልመልስ። በቅድሚያ ግን ሸረሪት ከነፍሳት ወገን አይደለችም። ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው፣ እሷ ስምንት። ጽሑፉ ሦስት ቦታ ላይ ስለቀላቀላቸው ነው።

ወደ ስምንቱ ዓይኖች ልምጣ። እውነት ነው፣ አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዓይን አላቸው። «ስለዚህ ሁሉን ታያለች» የሚለው ግን ውሃ አያነሳም። ድር የሚያደሩት አብዛኞቹ ሸረሪቶች እይታቸው ደካማ ነው፤ የሚተማመኑት በድሩ ንዝረት ነው። በጣም አጥርታ የምታየው ሌላዋ ናት። ድር ዘርግታ የማትጠብቀው፣ ፀሐይ ባረፈበት ግድግዳ ላይ ቆም፣ ዞር፣ ቆም እያለች ሄዳ ዝንብ ላይ ዘላ የምትከመረዋ ትንሿ ሸረሪት። ደሴ ውስጥ ያላያት የለም። ዘላይ ሸረሪት እንበላት።

የእሷ ስምንት ዓይኖች ሥራ ተከፋፍለዋል። ፊት ለፊት የሚያፈጡት ሁለቱ ትልልቆቹ ዝርዝር ያያሉ። የቀሩት ወደ ጎንና ወደ ኋላ ሆነው የሚንቀሳቀስ ነገር ይጠብቃሉ። ከነሱም ውስጥ ሁለቱ በብዙዎቹ ዝርያዎች እዚህ ግቡ የማይባሉ ደቃቆች ናቸው። ስለዚህ ስምንት ጊዜ አታይም። በጎን ዓይኖቿ «እዚያ ጋ የሆነ ነገር ተነቃነቀ» ትላለች፤ ከዚያ ዞራ በትልልቆቹ ታጣራለች። ይኸ ግምት አይደለም። በ2018 አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ የኤልዛቤት ጄኮብ ቡድን ከትልልቆቹ ግራና ቀኝ ያሉትን ጥንድ ዓይኖች ሸፍኖ ሞከረ። የጎኖቹ ሲሸፈኑ ትልልቆቹ የሚንቀሳቀስ ነገር መከተል አቃታቸው። ዓይኖቹ ራሳቸው ደኅና ነበሩ፤ የት እንደሚያዩ የሚነግራቸው ነው የጠፋው።

ይቺን ነገር ያዙልኝ። ዓይን የት ማየት እንዳለበት በምን ያውቃል? ላንድ ዕድሜውን ሙሉ የተከተለው ጥያቄ ይኸ ይመስለኛል። ጸሐፊው የሸረሪት ፍቅር አድርገው ነው የወሰዱት።

የዝንቧ ነገር ቶሎ ያልቃል። ዝንብም ንብም ጥምር ዓይን አላቸው። የአንዲት ሠራተኛ ንብ አንድ ዓይን 5,000 ገደማ ጥቃቅን ሌንሶች አሉት። ግን እያንዳንዱ ሌንስ የሚይዘው የእይታውን አንዲት ነጥብ ነው እንጂ ሙሉ ሥዕሉን አይደለም። ነጥቦቹ ተገጣጥመው አንድ ሥዕል ይሆናሉ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ዮሐንስ ሙለር ይኸን ሐሳብ በ1826 ጽፎታል። በ1891 ደግሞ ሲግመንድ ኤክስነር የሚባል ኦስትሪያዊ በጨለማ በምታበራዋ የእሳት ትል ዓይን በኩል ፎቶ አንስቶ አሳተመ። የእሳት ትሏ ዓይን አሠራር ከዝንብ ትንሽ ይለያል፤ ነገር ግን በፎቶው የሚታየው አንድ መስኮት፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ አንድ ፊደልና ማዶ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሺህ ቤተ ክርስቲያን የለም። ሺህ ጊዜ ተባዝቶ የሚታየው ሰው ከፊልም የመጣ ነው።

«ጥበቧ ድሯ ነው» ለሚለው፣ ጸሐፊው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን ጠቅሰዋል። ጥሩ ተረት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ በተሸሸጉበት በሰውር ዋሻ ደጃፍ ላይ ያደራችውን ሸረሪት ታሪክ ያልሰማም የደሴ ልጅ የለም፤ ክርስቲያኑም ከጎረቤቱ ሰምቶታል። ድሩ ክብር ይገባዋል። ግን ዘላይዋ ሸረሪት ድር ሳትዘረጋ ነው የምታድነው። በመዝለል የሚያድን ደግሞ ርቀት መለካት አለበት። አንድ ጣት ያህል ከተሳሳተች ዝንቧ አመለጠች፣ እሷም ወደቀች።

እንዴት ነው የምትለካው? በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች በአንዲት የቤት ዘላይ ሸረሪት ላይ ሞክረው መልሱን አሳተሙ። የትልልቆቹ ዓይኖች ሬቲና (ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) አራት ድርብ አለው። ከነዚህ ሁለቱ አረንጓዴ ብርሃን ይቀበላሉ። አንደኛው ላይ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ሲያርፍ ሁለተኛው ላይ ሁልጊዜ ይደበዝዛል። የድብዛዜው መጠን እንደ ርቀቱ ይለያያል። ሸረሪቷ ድብዛዜውን አይታ ርቀቱን ታውቃለች። ማረጋገጫው ደስ ይላል፦ በአረንጓዴ ብርሃን ሲያሠሯት በትክክል ዘለለች፤ በቀይ ብርሃን ብቻ ሲያሠሯት እየዘለለች ሳትደርስ ወደቀች። ቀይ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ የሚሰበርበት መጠን ስለሚለይ፣ ነገሩ ከሆነው በላይ ቅርብ መሰላት።

በ2019 የሃርቫርድ መሐንዲሶች ይህንኑ ዘዴ ወስደው፣ ባለ 3 ሚሊሜትር ዝርግ ሌንስ ተጠቅመው ርቀት የሚለካ ካሜራ ሠርተዋል። ከዓይኗ እንደቀዱ ራሳቸው ርእሱ ላይ ጽፈውታል። ሸረሪቷን ለማድነቅ ይኸ ያስፈልጋል ማለቴ አይደለም። «ምን ይረባል» ለሚል ሰው ግን ያስፈልጋል።

ስለ አንጎሏ ያሉት የሚገርም ነው፤ ምክንያቱም መከራከሪያው ወደ ራሳቸው ይዞራል። አዎ፣ ትንሽ ነው። የሚጠናውም ለዚሁ ነው። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ አንድ በአንድ ልቁጠር ያለ ዓይን አዋጅ ይሆንበታል። የፍሬ ዝንብ አንጎል በእርግጥም ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። በጥቅምት 2024 ተመራማሪዎች የዚያን አንጎል ሙሉ ካርታ አሳትመዋል፤ ወደ 139,000 የነርቭ ሕዋሳት፣ 50 ሚሊዮን ያህል ግንኙነቶች። ያንን ማንበብ ይቻላል። የእኛን ገና አልተቻለም።

የሸረሪቷ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እግሮቿን የምትዘረጋው በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ነው። ሰውነቷን የከፈተ ሁሉ ፈሳሹ እየወጣ ትሞትበታለች። በዚህ የተነሳ የዘላይ ሸረሪትን አንጎል እያየች ሳለ ማዳመጥ ለብዙ ጊዜ አልተቻለም ነበር። በ2014 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጊል መንዳና ባልደረቦቹ መላ አገኙ። ቀዳዳዋን ራሱ ሰውነቷ መልሶ የሚደፍናት ያህል ጠባብ አደረጓት፤ በዚያች በኩል ፀጉር የምታክል ሽቦ አስገብተው የዝንብ ሥዕል ስታይ አንጎሏ ውስጥ የሚሆነውን ቀዱ።

ደግሞ አለላችሁ ፖርሺያ የምትባል ዘላይ ሸረሪት። ሌሎች ሸረሪቶችን አድና ትበላለች። በ1997 በታተመ ሙከራ ሁለት ጠመዝማዛ መንገድ ተሰጣት፤ አንዱ ብቻ ወደ ምግቡ ይደርሳል። ከሩቅ ሆና መንገዶቹን አየች። ከዚያ ወርዳ፣ ምግቡ ከዓይኗ በተሰወረበት ሰዓት ሁሉ፣ ባብዛኛው ትክክለኛውን መርጣ ሄደች። ሰውነቷ ከአንድ ሳንቲሜትር አይዘልም። የእይታዋ ጥራት ግን ከኛ የሚያንሰው በ6 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው፤ ከነፍሳት ሁሉ አጥርቶ ከሚያየው ከውኃ ተርብ ደግሞ በብዙ ይበልጣል። በ2022 ደግሞ ሰውነታቸው ገና ብርሃን በሚያሳልፍ ጫጩት ዘላይ ሸረሪቶች ላይ፣ ሌሊት ሲያርፉ ከዓይናቸው ሌንስ ኋላ ያለው፣ ሬቲናውን የያዘው ቱቦ ሲርገበገብ ታየ፤ ሰው ሕልም ሲያይ እንደሚሆነው ዓይነት። ሕልም ታያለች ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ተመራማሪዎቹም አላሉም።

አሁን ወደ ሰውየው። ጽሑፉ በጣም የበደለው እሱን ነው።

ላንድ በ1942 ተወለደ። ለዶክትሬቱ ያጠናው ሸረሪት አልነበረም፤ ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ዛጎል ነበር። የዚያች ዛጎል ዓይኖች ሥዕል የሚሠሩት በሌንስ ሳይሆን ከኋላቸው ባለ መስታወት መሰል ነገር መሆኑን አሳየ። ቀጥሎ ወደ ዘላይ ሸረሪት ሄደ። ጥያቄው ይኸ ነበር። የትልልቆቹ ዓይኖች ሌንስ ከቅርፊቷ ጋር የተጣበቀ ነው፤ እኛ እንደምናደርገው ዓይኗን ማዞር አትችልም። ሬቲናው ደግሞ ጠባብ ነው። እና አንዴ ስታይ የሚታያት ቀጭን ቁራጭ ብቻ ነው፤ በግቢ በር ስንጥቅ ወደ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ማለት ነው። ታዲያ እንዴት ሙሉውን ታውቀዋለች?

ላንድ የዓይን ሐኪሞች ወደ ዓይን ውስጥ የሚያዩበትን መሣሪያ አሻሽሎ ሠራ። በእሱ ወደ ሸረሪቷ ዓይን እያየ፣ ለእሷ ደግሞ ምስል ያሳያት ነበር። በ1969 ያየውን አሳተመ። ሌንሱ ባለበት ቆሞ ከኋላው ያለው ቱቦ ከነሬቲናው ይንቀሳቀሳል። እያንዳንዱን ቱቦ ስድስት ጡንቻዎች ያዞሩታል። አዲስ ነገር ስታይ ሬቲናዋ ግራና ቀኝ እየሄደ፣ እየሄደም ቀስ ብሎ እየተሽከረከረ፣ ነገሩን ይዳስሰዋል። ላንድ ይኸ ሽክርክሪት የእግር መስመሮችን መፈለጊያ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። እግር ካገኘች ወይ ምግብ ነው፣ ወይ ባል ነው፣ ወይ የሚበላት ነው።

እንግዲህ በጸሐፊው አባባል ሰውየው እዚህ ላይ ቀረ፤ «ሸረሪት ዓይን ላይ አፍጥጦ አረጀ»። አልቀረም። ያንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ ሰው መጣ። በ1994 ከኤድንብራው ዴቪድ ሊ ጋር ሆኖ፣ ሾፌሮች ራስ ላይ የዓይን እንቅስቃሴ የሚቀዳ ካሜራ አስሮ ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አስነዳቸው። ሾፌሮቹ ኩርባ ከመግባታቸው አንድ ሁለት ሴኮንድ አስቀድሞ ዓይናቸው ወደ ኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ ይሄዳል። እጃቸው መሪውን የሚያዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ሾፌሩ የሚያየው ያንኑ ጠርዝ ነው ወይስ ሊሄድበት ያለውን መንገድ በሚለው ላይ እስካሁን ይከራከራሉ። ዓይን ከእጅ መቅደሙ ላይ ግን ክርክር የለም።

ጸሐፊው ከደሴ ኮምቦልቻ ስንት ጊዜ ወርደው ይሆን? አንድ ቀን ዶልፊን ውስጥ ጋቢና ይቀመጡና ሐረጎ ላይ የሾፌሩን ዓይን ይመልከቱ። መንገዱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ ነባር ሾፌር መሀል አስፋልቱ ላይ አያፈጥም። ኩርባው ሳይደርስ ዓይኑ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ሄዷል። ጉም ሲወርድ ያ ጠርዝ ይጠፋል። ያን ጊዜ ጉሮሮው የሚደርቀው ለምን እንደሆነ ይገባዎታል፤ ዓይኑ የሚያርፍበት አጥቷል። ስለ መንገድ ዳር መስመርና አንጸባራቂ የምናወራ ከሆነ፣ ዓይን የት እንደሚሄድ ካላወቅን ቀለሙን የት ነው የምንቀባው?

በ1999 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ሰው ሻይ ሲያፈላ ዓይኑ የት የት እንደሚሄድ ቀዳ። ዓይን ሁልጊዜ ከእጅ በግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይቀድማል። ለሥራው የማያስፈልግ ነገር ላይ ደግሞ አያርፍም ማለት ይቻላል። ቡና የሚያፈላ ሰው ላይ ቢሞከር እንዴት ደስ ባለኝ። ሲኒው፣ ረከቦቱ፣ ጀበናው፣ በዚያ ላይ ወሬው! በነገራችን ላይ ወሬው ውጤቱን ሳያበላሸው አይቀርም።

ስለ ወሎ ችግር የተነሳው ነጥብ ከሁሉ ጠንካራው ነው፤ በቁም ነገር ነው የማየው። በ2020 መኸር አንበጣው ከራያ ቆቦ እስከ ቃሉ ማሽላውንና ጤፉን ሲያወድም ሰው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየመታ ነበር የሚከላከለው። «ያን ጊዜ የሸረሪት ዓይን የት ነበረ?» ይላሉ ጸሐፊው። የትም አልነበረም፤ ልክ ናቸው። የተፈለገው አውሮፕላንና መድኃኒት ነበር።

ነገር ግን ስለ አንበጣ ምን ያህል እናውቃለን? አንበጣ ብቻውን ሲኖርና በመንጋ ሲሆን ሁለት የተለያየ ፍጡር ነው የሚመስለው። ብቻውን ሲሆን በሌሊት ይበራል፤ በመንጋ ሲሆን በቀን። በ2010 ኦትና ሮጀርስ የሚባሉ ተመራማሪዎች አንጎላቸውን ለክተው አወዳደሩ። የመንጋው አንበጣ በሰውነቱ ቢያንስም አንጎሉ በ30 በመቶ ያህል ይበልጣል። እድገቱም እኩል አይደለም። ብቸኛው አንበጣ የዓይንን መረጃ መጀመሪያ ለሚቀበለው ክፍል ይበልጥ ያደላል፤ የመንጋው መረጃን ለሚያቀናጀው ክፍል። በሚሊዮን መሀል ለሚኖር፣ ጎረቤቱ ዞሮ ሊበላው ለሚችል ፍጡር ይኸ ያስፈልገዋል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል፤ በቀን 35,000 ሰው የሚበቃውን ያህል እህል ይበላል። እነዚህ ሁሉ በአየር ላይ እንዴት አይጋጩም?

ይኸም ተጠንቷል። አንበጣ በእያንዳንዱ ወገን አንድ ትልቅ የነርቭ ሕዋስ አላት። ሕዋሱ በጎን የሚያልፍ ነገር ብዙም አይገደውም። ቀጥታ ወደ እሷ እየመጣ እየሰፋ የሚሄድ ነገር ሲያይ ግን ይንጫጫል፤ አንበጣዋም ትታጠፋለች ወይ ትዘላለች። እንግሊዝ ኒውካስል ውስጥ ክሌር ሪንድ ይህን ለዓመታት አጥንታለች። ዘዴው ሮቦት ላይ ተገጥሞ ግጭት መከላከያ እንዲሆን ተሞክሯል፤ ለመኪናም ታስቦበታል። መንጋዋ የበላችንን ባትመልስልንም፣ ሐረጎ ላይ ከጉም ውስጥ ድንገት ብቅ የሚል አይሱዙ ላየ ሰው ይኸ ተራ ነገር አይደለም።

ወባም ተጠቅሷል። ታዲያ ከሁሉ በላይ ጸሐፊው ሊያውቋት የሚገባቸው ሸረሪት ሩቅ አገር አይደለችም። ኬንያና ኡጋንዳ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የምትኖር ዘላይ ሸረሪት አለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ ኤቫርቻ ኩሊሲቮራ ነው። ከምግብ ሁሉ አስበልጣ የምትፈልገው ደም የጠጣች ትንኝ ናት። በ2005 ሮበርት ጃክሰንና ባልደረቦቹ ይህን አሳተሙ። ጫጩቶቿ የወባ ትንኝን የሚለዩአት በአቀማመጧ ነው፤ የወባ ትንኝ ስታርፍ የኋላ ጫፏን ወደ ላይ ቀና ታደርጋለች። በዓይን ብቻ፣ ከሩቅ፣ ይህን ይለያሉ። አብሽሩ፣ ወባን ሸረሪት ታጠፋለች እያልኩ አይደለም፤ አጎበሩን እንዳትተዉ። ነገር ግን የወባ ትንኝን ከሌላ ትንኝ በዓይን የሚለይ ፍጡር ጎረቤት አገር እያለ፣ ጥናቱን «የፈረንጅ ጨዋታ» ማለት አግባብ አይደለም።

የላቦራቶሪው ነገር ቀረ። ውድ መሣሪያ እንደሌለን አልክድም። ኦስትሪያዊው ሳይንቲስት ካርል ፎን ፍሪሽ ግን ንብ ቀለም እንደምታይ ያረጋገጠው በጠረጴዛ፣ በስኳር ውኃና በካርቶን ነው። በ1914 ነው ያሳተመው። ሰማያዊ ካርቶን ላይ ስኳር ውኃ አስለመዳቸው። ከዚያ ሰማያዊውን ከደመቁም ከፈዘዙም ብዙ ግራጫ ካርቶኖች መሀል አስቀመጠው። ንቦቹ ባዶውን ሰማያዊ አላጡትም። ቀይ ላይ ሲሞክር ግን ከጥቁር ግራጫ መለየት አቃታቸው። በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ንብ ወሎ ውስጥ ሞልቷል። ካርቶን ሰኞ ገበያ አለ።

ለሸረሪቷ ደግሞ ትንሽ የኪስ መስታወት ይበቃል። ግድግዳው ላይ ከፊቷ ቀስ ብላችሁ አቁሙላት። ብዙዎቹ የራሳቸውን መልክ ሌላ ሸረሪት አድርገው ነው የሚያዩት፤ ወንድ ከሆነ የፊት እግሮቹን አንስቶ ይፎክርበታል። በስልክ ቅረጹት። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ አትልፉ፤ በብርድ ወጥታ አታድንም። ወደ አራት ሰዓት ግድም፣ ፀሐይ ግድግዳውን ስታሞቀው ፈልጓት። ጸሐፊውም ቢሞክሩትና ያዩትን ቢጽፉልን፣ በዚያ ብዕራቸው፣ እኔ ቀድሜ ነው የማነበው።